መልሱን ያልሰጠው ሰውዬ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአማካሪነት ወደምሠራበት ትምህርት ቤት ለልምምድ ከዩኒቨርሲቲ የተላኩልን ሁለት ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ሥራ ስላልነበራቸው በላፕቶፔ የግሎሪያን ፊልም አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ የማስተማሪያ ፊልም ነው (ስለ ፊልሙ ሰዎችና ስለ ዘመነኞቻቸው የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ግሎሪያ የምትባል፣ በቅርቡ ከባሏ የተፋታች የ30 ዓመት ሴት ከሦስት ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎች ጋር በየተራ ትቀመጣለች፤ ከካርል ሮጀርስ፣ ከፍሪትዝ ፐርልስ እና ከአልበርት ኤሊስ ጋር። እኛ ያየነው የሮጀርስን ግማሽ ሰዓት ነው።

የግሎሪያ ጥያቄ ቀጥተኛ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ፣ ከአባቷ ከተለያየች ወዲህ ከሌላ ወንድ ጋር ተኝታ እንደሆነ ጠይቃታለች፤ እሷም «የለም» ብላ ዋሽታለች። ውሸቱ ከንክኗታል። እውነቱን ብትናገር ልጅቷ ትጎዳ ይሆን? ከሮጀርስ የምትፈልገው አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። እሱ አንዱንም አይልም። ያዳምጣል፤ የገባውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይነግራታል፤ እንደገና ያዳምጣል። እሷም አትለቀውም፣ ዞራ ዞራ እዚያው ጥያቄ ላይ ታርፋለች።

ወንዱ ተማሪ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሚስ፣ ሰውዬው ምን እየሠራ ነው? አንድ ቃል ቢተነፍስላት ምን ይጎድልበታል?»

«ተናግሮ ቢበላሽስ?» አለችው ሴቷ። «ልጅቷ የሷ ናት፣ የሱ አይደለች።»

ፊልሙን መልሼ አንዱን ቦታ ደግመን አየነው። ሮጀርስ እዚህ ላይ፣ ይህ ነገር ሌላ ሰው ሊመልስላት የማይችለው የግል ጉዳይ እንደሆነ ይነግራታል፤ ከነጭንቀቷ ትቷት መቀመጥም እንደማይፈልግ፣ የራሷን መልስ ፍለጋ ላይ ግን አብሯት እንደሚለፋ ይጨምርላታል። ፊት ለፊት፣ ዓይኗን እያየ ነው የሚናገረው። ሮጀርስን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚያመልጠው ይህ ይመስለኛል። «ምክር አትስጥ» የምትለዋን ይዞ ይወጣና፣ ባለጉዳዩ ሲጨንቀው «አንተስ ምን ይመስልሃል?» እያለ በጥያቄ ይሸሻል። ሮጀርስ አልሸሸም። የማይመልስበትን ምክንያት አብራራላት፤ ምክንያቱም እውነተኛ ነበር።

እንዳያመልኩት ብዬ ይህንንም ነገርኳቸው። ግሎሪያ በዕለቱ ከሦስቱ ማን ይበልጥ እንደሚጠቅማት ስትጠየቅ የመረጠችው ሮጀርስን አልነበረም፤ ቁጡውን ፐርልስን ነው። ከዚያ በኋላ ግን በ1979 እስክትሞት ድረስ ደብዳቤ ትጻጻፍ የነበረው ከሮጀርስና ከሚስቱ ጋር ነው። ከዚህ ማን አሸነፈ የሚለውን ለማውጣት የሚቸኩል አለ። እኔ አልቸኩልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አንዲት እናት የ10ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጡ። (የባለጉዳዮቼን ነገር የምጽፈው መለያቸውን ቀያይሬ ነው።) ገና ሳይቀመጡ «ሚስ፣ ይምከሩልኝ» አሉኝ። ስልኩ ላይ ተጥዶ ያድራል፣ ሒሳብ ወድቋል፣ ከሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ ሲጠሩት አይሰማም። ልጁን የጠየቅሁትን ሁሉ እሳቸው መለሱልኝ። «ምሳ በልተሃል?» ብዬው እንኳ «በልቷል» አሉኝ።

ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዞሩም። የጠበቅሁት ሮጀርስ ያወራው አንድ ገጠመኝ ስላለ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ፣ ሕፃናትን ከጥቃት በሚከላከል ማኅበር ውስጥ ለ12 ዓመት ሠርቷል። እዚያ ሳለ አንዲት እናት ስለ አስቸጋሪ ልጇ ልታማክረው ትመላለስ ነበር። ወጣቱ ሮጀርስ ምርመራውን ጨርሷል፦ ችግሩ ያለው እናቲቱ ዘንድ ነው፣ ልጁን በሕፃንነቱ ገፍታዋለች። ይህን በዘዴ ሊያሳያት ብዙ ደከመ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱም ሞክረናል፣ ይብቃን ተባባሉ። ሴትዮዋ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና እዚህ ቤት ለትልልቅ ሰዎችም የምክር አገልግሎት ትሰጣላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይሰጣል አላት። ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧ አፈሰሰችው። መዝገቡ ላይ ከነበረው ታሪኳ ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። የት እንደሚያመው የሚያውቀው፣ ወዴት መሄድ እንዳለበትም የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚለው እምነቱ ከዚያች ሴት የተማረው ነው።

ታሪኩ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር ይነሣብኛል። ያቺ ሴት ትልቅ ሰው ናት፤ በሩን ራሷ ከፍታ ነው የመጣችው። እኔ ዘንድ የሚመጣ ልጅ ተይዞ የመጣ ነው። «ጋይዳንስ ቢሮ ትፈለጋለህ» ሲባል ክፍሉ ሁሉ «ኡኡ» ይላል፤ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ቀጥሎ ያለ ሌላ የቅጣት ክፍል አድርገው ነው የሚያዩት። ሮጀርስ በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ለለውጥ ያስፈልጋሉ፣ ይበቃሉም ያላቸው ሁኔታዎች ስድስት ናቸው። ሰው በቃሉ የሚይዘው ሦስቱን ነው፦ አማካሪው ውስጡና ውጭው አንድ ይሁን፣ ባለጉዳዩን ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቀበለው፣ ነገሩን ከእሱ ቦታ ሆኖ ይረዳው። ስድስተኛው ይረሳል፤ ባለጉዳዩ ይህ ሁሉ በጥቂቱም ቢሆን ሊሰማው ይገባል የሚለው። እኔ ልጁን በሙሉ ልቤ ብቀበለው፣ እሱ ደግሞ ሰላይ አድርጎ ካየኝ፣ ምንም አልተደረገም ማለት ነው።

ስለዚህ እናቲቱን ከሸኘሁ በኋላ ለልጁ ሁለት ነገር ነገርኩት። የምታወራው እዚሁ ይቀራል፤ ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ነው ብዬ ከሠጋሁ ብቻ አስቀድሜ ነግሬህ ለሚመለከተው እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ መምጣት ካልፈለግህ አትመጣም። «ለእናቴስ ምን ይሏታል?» አለ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ልጁ ብቻውን መጣ። ተቀመጠ፤ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ግቢው ውስጥ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስለነበር ኳሱ የቢሮዬን ግድግዳ ይደበድባል።

ዝምታ ቀላል ይመስላል። አምስት ደቂቃ ከሰው ፊት ለፊት ዝም ብሎ መቀመጥን የሞከረ ግን ያውቀዋል፤ አፍ ራሱ ይበላል። ሮጀርስ ከቺካጎ ወደ ዊስኮንሲን ከተዛወረ በኋላ፣ በሜንዶታ ሆስፒታል ከቆዩ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ጋር ሠርቷል። ከእነሱ አንዱ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። የንግግራቸው ጽሑፍ ታትሟል፤ ከቃሉ ይልቅ ዝምታው ይበዛል፤ የየዝምታው ርዝመት በደቂቃ በደቂቃ ተመዝግቧል። በመሐሉ ወጣቱ ለማንም የማይረባ ሰው እንደሆነ ይናገራል። ሮጀርስ እንደ ልማዱ የሰማውን መልሶ በመናገር ብቻ አልቆመም፤ እንደዚያ ተሰምቶት እንደሚያውቅ፣ ለእሱም ግድ እንደሚለው ከራሱ አውጥቶ ነገረው። ወጣቱ አለቀሰ። ስለ ሮጀርስ ሳነብ የሚይዘኝ ይህ ቦታ ነው፤ ትልቁ አዳማጭ ተናገረ።

የጥናቱ ጠቅላላ ውጤት ግን በ1967 ሲታተም የተጠበቀው አልነበረም፤ ሕክምናውን ያገኙት በጥቅሉ ካላገኙት ብዙ አልተሻሉም። ይህን የሚጠቅስ የመማሪያ መጽሐፍ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ደወሉ ሊደወል ሲል፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያደረገ፣ «ሒሳብ አልወደቅሁም» አለ። «ተውኩት።»

«ተውከው» አልኩ።

«አዎ። አውቄ።» ወጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጭሱ እስከ ቢሮዬ ገባ፤ መስኮት ዘግቼ ዋልኩ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ካለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ጋር እንደምታወራ ነገረችኝ። «ሚስ፣ እንደርስዎ ነው የሚያወራኝ። የተናገርኩትን መልሶ ይለኛል፣ አይቆጣም፣ አይደክመውም።» እንደርስዎ የምትለዋ እንደ ምስጋና ነው የቀረበችልኝ። ዋጥኳት።

ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ ሰው ኤሊዛ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አሳተመ። ከሁሉ የታወቀው አሠራሩ የሮጀርስን ዓይነት አማካሪ የሚያስመስለው ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሰውዬው «በእናቴ ተናድጃለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ «እናት» የምትለዋን ቃል ይዞ «ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» ይለዋል። የገባው ምንም ነገር የለም። ዋይዘንባም ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ያየችው ጸሐፊው ራሷ፣ ጥቂት እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ደነገጠ። በ1976 ባወጣው መጽሐፍ፣ ማሽን ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ሊሰጠው የማይገባ የሰው ሥራ አለ ብሎ ተከራከረ።

ሮጀርስን የሚያሾፉበት ሰዎች ኤሊዛን ማስረጃ ያደርጓታል፤ «በቀቀን የሚሠራው ሥራ ነው» ለማለት። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ከሦስቱ ሁኔታዎች ሁለቱን ማሽን በደንብ ያስመስላል፤ የሚረዳ ይመስላል፣ የሚቀበል ይመስላል። አንደኛዋ ናት የምትጎድለው። ውስጡና ውጭው አንድ እንዲሆን መጀመሪያ ውስጥ ሊኖረው ያስፈልጋል። ሮጀርስ ለሜንዶታው ወጣት «ለአንተ ግድ ይለኛል» ሲለው፣ ግድ ሳይለው ሊዋሽም ይችል ነበር፤ ሊደክመው፣ ሊሰለቸው ይችል ነበር። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከዚያ ነው።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩም። «ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታወሪው?» አልኳት። «ስምንት፣ ዘጠኝ» አለች። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚያዳምጣት እኔ አይደለሁም፣ እናቷም ተኝታለች። ስልኩን ጣይ የምልበት ድፍረት ከየት አመጣለሁ? ያወራነው በዚያ ሰዓት ለምን እንደማትተኛ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ጾሙ ገብቷል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ጋ ቡና ጠጣሁ። ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ ሁሌም ለክርክር ነው።

«ሰው ተጨንቆ ይመጣል። አንቺ ታዳምጫለሽ። ከዚያ ይሄዳል። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?»

«ለዚህ ነው እማዬ።»

«የንስሐ አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ ሰምተው ዝም ይሉሻል? ስገጂ፣ ጹሚ፣ ከባልንጀራሽ ታረቂ ይሉሻል፤ ቀሎሽ ትወጫለሽ። ሽማግሌም ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ አንተ ይህን ካስ፣ አንቺ ይህን ተዪ ብሎ ነው የሚነሣው። ሰምቶ ጭጭ የሚል ሽማግሌ ማን ይጠራዋል?»

ይህን ክርክር «ኋላ ቀር» ብለው የሚያልፉት የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አላልፈውም፤ እናቴ ትክክል ናት። ሽማግሌው ብያኔ የሚሰጠው ያለ ዋጋ አይደለም። ቤተሰቡን ያውቃል፣ ለእርቁ ዋስ ይጠራል፣ ነገሩ ሲፈርስ «አንተ አይደለህ ወይ ያስታረቅኸን?» ተብሎ ደጁ ይመጣበታል። የንስሐ አባትም ነገ እዚያው ናቸው። እኔ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዬን ቆልፌ ታክሲ እይዛለሁ። «ለአባትህ ንገረው» ያልኩት ልጅ ማታ ሲደበደብ እዚያ አልኖርም። መምከር የማልደፍረው ከሮጀርስ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ የተነሣ ነው፤ መዘዙን የማልካፈለውን ነገር ልወስን አይገባኝም።

ነገርኳት። «ይኼስ ደህና ነው» አለች ሁለተኛውን እየቀዳች። ከዚያ «ሰውዬው ሃይማኖት አለው?» አለችኝ። በጥብቅ ክርስቲያን ቤት ማደጉን፣ በ1922 ለክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ ቻይና ድረስ መሄዱን፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ጀምሮ ወደ ሥነ ልቦና መሻገሩን ነገርኳት። «ጀምሮ ተወው?» አለች፤ ደስ አላላትም።

«ሰው መልሱን ራሱ ያገኛል ብሎ በምን ያምናል?» ስትለኝ የድንቹን ነገር አነሣሁላት። ሮጀርስ ልጅ ሳለ ለክረምት የሚበላው ድንች ቤታቸው ምድር ቤት ይከማች ነበር። ከትንሿ መስኮት ዝቅ ብሎ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ድንቹ ነጫጭ ቡቃያ ያወጣና ወደ ብርሃኑ ይሳባል። ሰውም ሕይወቱ ምንም ያህል ቢጣመም ወደ መዳን ይሳባል፤ ይህን ስበት ነው የማምነው ይል ነበር።

እናቴ ሣቀች። «ጓዳ ያቆጠቆጠ ድንች አውቃለሁ። ልጄ፣ ያ ቡቃያ ወስዶ የሚተክለው ካላገኘ እዚያው ይደርቃል።»

ይህን ሮጀርስም አልካደም፤ እነዚያ ቡቃያዎች ሙሉ ተክል እንደማይሆኑ ራሱ ጽፏል። ቢሆንም ክርክሩን እሷ አሸነፈች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ስለዛሬዋ ባለጉዳይ ብዙ አልጽፍም። መኖር መሰልቸቷን በቀልድ መልክ ጣል አደረገች። የተናገረችውን መልሼ አልነገርኳትም። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚል ፍርሃት በመምህራን ዘንድ ሰፊ ነው፤ ስሕተት ነው፤ የሚያሳርፍ ጥያቄ ነው። «አዎ» አለች። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ እያንዳንዱን አስቀድሜ እየነገርኳት አደረግሁ፦ አሁን ለአክስትሽ እደውላለሁ፣ ብቻሽን አትቆዪም፣ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ብትቆጪኝም። ተቆጣችኝ። ሄድን፤ ሐኪም አያት።

ማታ ተለማማጇ ልጅ «ታዲያ ዛሬ ሮጀርስን ተዉት?» ብላ ቴክስት ላከችልኝ። የተውኩት አይመስለኝም። የባለጉዳዬን ውሳኔ ለጊዜው ወስጄባታለሁ፣ ይህ እውነት ነው። ያልነገርኳት ነገር ግን የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

የሩብ ዓመት ሪፖርት ቅጽ ስሞላ ዋልኩ። ሦስት ዓምድ አለው፦ «የተማሪው ችግር»፣ «የተሰጠው ምክር»፣ «የታየ ለውጥ»። መካከለኛው ላይ «ተደምጧል» ብዬ ብጽፍ ከበላይ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ «ክትትል ተደርጓል» ብያለሁ። ክትትል ማንንም አስቆጥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

የ10ኛ ክፍሉ ልጅ እናት ሳይቀጠሩ መጡ፤ ልጁም ከኋላቸው።

«ሚስ፣ ምን ብለውት ነው? አፉ ተፈቷል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ማታ ግን ሒሳብ አውቄ ነው የጣልኩት፣ ናቹራል እንዳልመደብ ነው፣ ሶሻል ነው የምፈልገው አለኝ!»

ይህን ለእኔ ከነገረኝ ሰንብቷል፤ ለእሳቸው መቼና እንዴት እንደሚናገር ስናስብ ነው የከረምነው። «የነገረዎት እሱ ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ አሁን እርስዎ ይንገሩት። ሶሻል ገብቶ ምን ይበላል?»

ሁለቱም አዩኝ። የተለማማጁ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ይጎድልብኛል?

«እኔ የትኛው እንደሚሻለው አላውቅም» አልኩ። «ሸሽቼ አይደለም፤ በእውነት አላውቅም። እርስዎ የሚያውቁትን ያህል አላውቀውም፣ ራሱን የሚያውቀውን ያህልም አላውቀውም። ስለ ምደባው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው የምታጡት መረጃ ካለ ግን ዛሬውኑ አቀርባለሁ።»

«ልጅዎ ቢሆንስ?»

«ልጄ ቢሆን እፈራለሁ» አልኳቸው። «እንደ እርስዎ።»

ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ልጁ ዞሩና «ለመሆኑ ሶሻል ገብተህ ምን ልትሆን ነው?» አሉት። ልጁ «ሕግ» አለ። ለእኔ እንኳ ያልነገረኝ ነው። እናቲቱ ሁለት ሦስት ጠበቆች ጠሩ፤ አንዱ ባለ መኪና ነው፣ አንዱ ቤት እንኳ የለውም። ልጁ ቤት ለሌለው ጥብቅና ቆመ። ተከራከሩ፤ እኔን ረሱኝ።

ሲነሡ ለአባቱ ማን ይንገረው የሚለው ላይ አልተስማሙም። አባት መሐንዲስ ናቸው፤ ልጃቸውም መሐንዲስ ነው ብለው ካሰቡ ቆይተዋል። ከጥምቀት በኋላ ሦስቱም እንዲመጡ ለጥር 14 ቀጠርኳቸው።

«እመጣለሁ» አሉ እናቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አባቱ ሲመጣ ግን አላውቅም ምናምን እንዳይሉ። እሱ እንደኔ ታጋሽ አይደለም።»